ልጓሙ አይሸጥም

«ቁልፉንማ አልሰጥም» አሉ አካኮ ኢተፋ፤ እጃቸውንም ከነቁልፉ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ገዢው ዕዝራ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ደላላው ዳኜ ጭንቅላቱን ማከክ ጀመረ። ሄመን ግን አያቷን አካኮን ብቻ ነበር የምታየው። ውሉ ትናንት ተፈርሟል፣ ቀብዱን ተቀብለዋል፣ ቤንዚኑም ተሞልቷል። አሁን ቁልፍ አልሰጥም ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው?

«ኦቦ ኢተፋ፣ ሸጠውልኛል እኮ» አለ ዕዝራ።

«ሸጫለሁ! ማን አልሸጥኩም አለ? ከብት ሲሸጥ ግን ገመዱ ለሻጩ ነው። ፈረስ ሲሸጥም ልጓሙ እቤት ይቀራል። ልጓሙን የሰጠ ሰው ሀብቱን አብሮ ሰጠ ማለት ነው። ቡራዩ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሽማግሌ ካለ አምጡልኝ!»

«ታዲያ በምን ላስነሳት?»

«እሱ የገዢ ጉዳይ ነው» አሉና ድርቅ አሉ።

የምትሸጠው ዳማ ናት፤ ቀለሟ ቀይ ዳማ፣ የሸራ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ አሮጌ ቮልስ። አካኮ በጎልማሳነታቸው የጉግስ ፈረሳቸውንና የዓመት እህላቸውን ሸጠው ስለገዟት በፈረሱ ስም ጠሯት። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ጣሪያዋ ተከፍቶ በእሷ ሄዷል። የሄመን እናት ራሷ የተዳረችው በዳማ ነው። ሄመንም ብትሆን ትራስ ላይ ተቀምጣ መጀመሪያ መሪ የጨበጠችው በእሷ ነው። ነፍሷ እስኪወጣ ትወዳታለች። ዛሬ ግን ከግቢው እስክትወጣላት ቸኩላለች።

ምክንያቱም ሌንጮ ነው። ማስተር ፕላኑን በመቃወም ተማሪዎች ሰልፍ በወጡበት ቀን ታላቅ ወንድሟ እግሩን በጥይት ተመትቶ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቷል። እናታቸውም አጠገቡ ናት። ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት እግሩን ሊያጣ እንደሚችል ሐኪሙ ተናግሯል፤ ክፍያው ደግሞ ዛሬ ነው የሚፈለገው። የሰርግ መኪና የሚያከራየው ዕዝራ፣ ዳማን ይዞ ከተማ እንደገባ በቀጥታ ሆስፒታሉ ሄዶ ቀሪውን ገንዘብ ሊከፍል ቃል ገብቷል። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ሊዘጋ ነው እየተባለ ነው። የሚገርመው፣ ማንም ሳይደፍር «ዳማ ትሸጥ» ያሉት ራሳቸው አካኮ ነበሩ።

ዳኜ ሄመንን በክንዷ ይዞ ወደ አጥሩ ወሰዳትና ከኪሱ አንዲት ቁልፍ አወጣ።

«ስሚ ሄሚ፣ ዓይናቸው ደክሟል። የመኪናዋን ቁልፍ ላጽዳልዎት ብለሽ ተቀበያቸውና ይቺን መልሺላቸው። እሳቸው ልጓሜ ነው ብለው ይዘው ይቀመጣሉ፣ እኛም እንሄዳለን። ማን ተጎዳ?»

«ማታለል አይሆንም?»

«ኧረ አታካብጂ! ለወንድምሽ እግር እኮ ነው።»

ሄመን ቁልፏን ጨበጠች። እውነትም ማን ይጎዳል? አካኮ የዳማን በር ከፍተው መሪው ፊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ገብታ ተቀመጠች። «ላጽዳልዎት» ልትል ስትል ግን አያቷ ይቺን ቁልፍ በየቀኑ እያሻሹ ሲውሉ ታያት። እሷም በየቀኑ ልታያቸው ነው።

ቁልፏን አያቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠቻት።

«በዚህ ላታልልዎት ነበር፣ አካኮ። አልሆነልኝም።»

አካኮ በጣታቸው ዳበሷት። «የጓጉንቸር ናት» አሉ ቀስ ብለው። አልተቆጡም። እንዲህ ሲሆኑ ሄመን የባሰ ታፍራለች።

«ግን ልንገርዎት» አለች። «ልጓሙ የሚቀረው ሀብት ከቤት እንዳይወጣ ነው አይደል? የእኛ ሀብት እኮ ሆስፒታል ተኝቷል! ቁልፉን ይዘው ቢቀሩ ለማን ሊሆንዎት ነው?» ወደ ካፖርታቸው ኪስ አመለከተች። «ደግሞ ፈረስ በልጓም ይመራል እንጂ በልጓም አይነሳም። ቁልፍ ልጓም አይደለም።»

አካኮ መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እውነትሽን ነው። ልጓሙስ ይሄ ነው።»

«እንዴ!» ብሎ ዕዝራ ከውጭ ጮኸ። «ኦቦ ኢተፋ፣ በፈጠረዎት መሪውን ይተዉልኝ!»

ሄመን ሳቋ አመለጣት። ሌንጮ ከተመታ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ጎንበስ ብላ ከማርሹ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችውን ጥቁር ኳስ አዙራ ፈታችና ለአያቷ ሰጠቻቸው።

«ይቺስ? ሲያዝዟት የኖሩት በዚች ነው።»

ኳሷ ከአያቷ መዳፍ ንክኪ ብዛት ልሙጥ ሆናለች። አካኮ ጨበጧት፣ መዳፋቸውን ከፍተው አዩዋት፣ እንደገና ጨበጧት። «ትሆናለች» አሉ በመጨረሻ። ቁልፉን ለዕዝራ ሰጡት። ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጭተው ዳማ ላይ አኖሩና በኦሮምኛ መረቁ። ሲጨርሱ እያለቀሱ ነበር፤ ለመደበቅም አልሞከሩም።

ዕዝራ ወዲያው ሸራውን መሳብ ጀመረ። «ልዝጋው። መንገድ የሚዘጉት ልጆች ድንጋይ ቢወረውሩብንስ?»

«ከዘጉትማ ውስጥ ማን እንዳለ አያዩም» አለች ሄመን፤ ከፊት ወንበር አልወረደችም። «እኔም እሄዳለሁ። ክፍት ይሁን።»

ዕዝራ ሽማግሌውን አያቸው።

«ነጋን ገሊ፣ ኢንተለ ኮ» አሉ አካኮ። በሰላም ግቢ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ዕዝራም ሸራውን ለቀቀው።

ዋናው መንገድ ላይ ሲወጡ ድንጋይ ከወዲሁ ተደርድሮ አገኙ። ከኋላው የቆሙት ልጆች ዳማን ሲያዩ ተንጫጩ። የሄመን የክፍል ጓደኛ ከማል ከመሃላቸው ወጣ።

«ሄመን? ዳማን የት ልትወስዷት ነው?»

«ተሸጠች። ለሌንጮ እግር።»

ከማል መሬት መሬት ማየት ጀመረ። በሰልፉ ቀን ሌንጮን ተሸክመው ካወጡት አንዱ እሱ ነው። ወደ ጓደኞቹ ዞሮ አየና «ማንም እንዳያልፍ ተብሏል» አለ። «ለአንድ ከከፈትን ሁሉም ይመጣል።»

«አውቃለሁ» አለች ሄመን።

ከመኪናዋ ወረደች። ትልቁን ድንጋይ ለማንሳት ሞከረች፣ አቃታት። ተንበርክካ በትከሻዋ ገፋችው፤ እያንከባለለች ከአስፋልቱ ዳር አደረሰችው። ማንም አላገዛት፣ ማንም አልከለከላትም። ተመልሳ ሁለተኛውን ያዘች። ጉልበቷ ተልጦ ነበር። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ሌሎች ሁለት እጆች ከወዲያ በኩል ድንጋዩን ያዙት።

«ካለፋችሁ በኋላ ግን እመልሰዋለሁ» አለ ከማል ሳያያት።

«መልሰው» አለች ሄመን። «አሁን ግን አብረኸኝ አንሳ።»