የሁለት ሜትሩ ጉድጓድ

አስከሬኑ ሁለት ሜትር ጥልቀት ባለው የአፈር መመርመሪያ ጉድጓድ ውስጥ በደረቱ ተደፍቷል። ሟቹ የአካባቢው የልማት ዕቅድ ኃላፊ ነበር፤ ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቷል። መርማሪው ሲደርስ የአፈር ባለሙያዋ በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆማ ነበር። ጉድጓዱን ያስቆፈረችው እሷ ናት፤ ትናንት ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅም ቢሮው ሁሉ ሰምቷል። እስከ ቀትር ሌላ ተጠርጣሪ ካልተገኘ ወደ እስር ቤት ትወሰዳለች።

መርማሪው በመሰላል ወረደ። የጉድጓዱ ግድግዳ ከላይ ጥቁር፣ ቀጥሎ ቀላ ያለ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ ደግሞ የነጣ የጨው ንብርብር ነው። ግድግዳው ላይ ደም ተረጭቷል። ለጥልቀት መለኪያ ከምስማር ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ገለጥ ሲያደርገው ከሥሩ ግድግዳው ላይም ደም አለ፤ ጀርባው ላይም የደም አሻራ ታትሟል፤ የሜትሩ ፊት ግን ንጹህ ነው። ቁጥሮቹን ቆም ብሎ አያቸውና ወጣ።

የመስኖ መሐንዲሱ ጠዋቱን በወንዙ ዳር እንዳሳለፈ፣ ጉድጓዱንም አይቶት እንደማያውቅ ተናገረ። አሥራ አንድ ዓመት የደከመበት ዋና ቦይ ከዕቅዱ ጋር ሊጸድቅ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። የገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ግን ንዴታቸውን አልደበቁም። ቦዩ ሊቀር ነው የሚል ወሬ ሰምተው በማለዳ ኃላፊውን ተቆጥተውታል።

«ገድለውታል?» አላቸው መርማሪው።

«ሞቶማ ማን ቦይ ያጸድቅልኛል?»

የአፈር ባለሙያዋ ጭቅጭቁ በጨው ምክንያት እንደነበር አስረዳች። መሬቱ በቦይ ውሃ ከጠጣ ጨው ወደ ላይ ይወጣል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ እህል አያበቅልም። ኃላፊው በመጨረሻ አምኗት፣ ዛሬ ጠዋት በዓይኑ አይቶ ቦዩን ሊሰርዝ ነበር። ይህን የሚመሰክርላት ብቸኛ ሰው ግን ሞቷል።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ፣ ከቀትር በፊት፣ መርማሪው ሦስቱንም ጉድጓዱ አጠገብ ሰበሰባቸው። ምስማር የተመታበት እንጨት አቁሞ ሌላ ሜትር አወጣና በየተራ እንዲሰቅሉት አዘዘ፤ የቀሩት ፊታቸውን ያዞራሉ። ባለሙያዋ ዜሮውን ወደ ላይ አድርጋ ሰቀለችው። ሊቀ መንበሩ ሜትሩን አገላብጠው አዩና ሳይሰቅሉ ለመርማሪው መለሱለት።

«እኔ መሬት የምለካው በእርምጃ ነው።»

መሐንዲሱ ሳያስብ ዜሮውን ወደ ታች አድርጎ ሰቀለው።

«ዙሩ» አለ መርማሪው። «ኃላፊው ሲመታ የጉድጓዱ ሜትር ወደቀ። ደሙ ከሥሩ ያለው ለዚህ ነው። ገዳዩ ምንም ያልተነካ እንዲመስል አንሥቶ ሰቀለው። ሊቀ መንበሩ ቢሆኑ ሜትሩን ልብም አይሉት። የአፈር ሰው ከመሬቱ ገጽ ወደ ታች ይቆጥራል፤ ባለሙያዋ ትናንት ጉድጓዱን ባነሣችው ፎቶም ዜሮው ከላይ ነው። አሁን ግን ከታች ነው። ከሥር ወደ ላይ የሚቆጥረው የውሃ ከፍታ የሚለካ የወንዝ ሰው ነው።»

«ሆን ብላ ገልብጣው ቢሆንስ?» አለ መሐንዲሱ።

«እርስዎን ልትወነጅል ብታደርገው ኖሮ ሜትሩን እዩልኝ ባለች ነበር። አንዴም አላነሣችውም። ጉድጓዱን አላየሁትም ብለውኛል፤ እንግዲያው በሜትሩ ጀርባ በደም የታተመው አውራ ጣት የማን እንደሆነ እናመሳክር።»

መሐንዲሱ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ።

«አሥራ አንድ ዓመት» አለ ቀስ ብሎ። «በአንድ ስንዝር ጨው ይሰረዛል?»

ፖሊሶቹ ከባለሙያዋ ጎን ተነሥተው ወደ እሱ ሄዱ። ሊቀ መንበሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ባለሙያዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ ቦዩ ቀረ ማለት ነው?»

«ቀረ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ወደ ማሳው ዞሩ። እሷ ደብተሯን አወጣች።

«በዝናብ ብቻ ከዚህ መሬት ምን ምን አግኝታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሊቀ መንበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ከአተር ጀመሩ።