ጊኒ ክፍለ ሀገራችን

«አንቺ የተማርሽው፣ እስቲ ለወንድምሽ ንገሪው» አለ አባቷ የጎመን ሾርባውን ወደ ጎን ገፍቶ። «ጊኒ የማን ናት?»

የአሥራ አምስት ዓመቷ ዴኦሊንዳ መልሱን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ትምህርት ቤት፣ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ፖርቱጋል ከባሕር ማዶ አገሮቿ ጋር ተዘርግታ አውሮፓን ታክላለች። አፍሪካ ያለችው ጊኒም ቅኝ ግዛት አይደለችም፣ ክፍለ ሀገራችን ናት። መምህሯ ለዚህ መልስ ሙሉ ነጥብ ነው የሰጧት።

ዛሬ ግን በመልሱ ፈንታ ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ። መንደሩ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ወንድሟን አቢሊዮን በስፔን ተራሮች አድርጎ ወደ ፈረንሳይ የሚያወጣው አሻጋሪ በሩ ላይ ቆሟል። አቢሊዮ ካልጠፋ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጊኒው ጦርነት ይጫናል። አባቱ ደግሞ ልጁ ከዳተኛ ሲባል ከሚሰማ ሞቱን ይመርጣል።

«ለገዛ ክፍለ ሀገሩ የማይዋጋ ምን ዓይነት ወንድ ነው?»

ይህን ጊዜ ዙልሚሮ ማንኪያውን አስቀመጠ። የቤቱ በኩር ነው፤ አንድ እግሩን ጊኒ ጥሎ ከተመለሰ ወዲህ ስለ ጦርነቱ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

«አንድ መንደር ገባን» አለ። «አንዲት አሮጊት ሩዝ ታሰጣለች። ውሃ ስጪኝ አልኳት፣ በኛው ቋንቋ። አንድ ቃል አታውቅም። በገዛ ክፍለ ሀገራችን፣ አባዬ። ጉሮሮዬን በጣቴ አሳየኋት። ላርዳት መስሏት እግሬ ላይ ወደቀች።»

«እነሱ ቤታቸው ናቸው፤ የትም አይሄዱም። እኛ መመለሻ መርከብ ነው የምንጠብቀው። በምናችን እናሸንፋለን?»

አባቱ ዝም በል አለው፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። ዴኦሊንዳ በዚያ ሙሉ ነጥብ አፈረች። ከዚያም ተናደደች፤ በመምህሯም፣ በራሷም።

አሻጋሪው ቸኮለ። እንደ ልማዱ የአቢሊዮ ፎቶ ለሁለት እንዲቀደድ ጠየቀ። ግማሹን መንገደኛው ይይዛል፤ ፈረንሳይ ሲገባ በፖስታ ይልከዋል፤ እቤት ከቀረው ጋር ከገጠመ በሰላም ደርሷል ማለት ነው። አቢሊዮ ያለው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ዙልሚሮ የዘመተ ቀን ወንድማማቾቹ ወደቡ ላይ ተቃቅፈው የተነሱት። ምድጃው ዳር የቆመችው እናታቸው ፎቶውን ከመሳቢያ አወጣችው፤ ሳትቀደው ግን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ዴኦሊንዳ፣ ንገሪው አልኩሽ» አለ አባቷ።

ተነስታ ፎቶውን ከእናቷ እጅ ወሰደች። በሁለቱ ወንድሞቿ መካከል ቀስ ብላ ቀደደችው። የዙልሚሮ እጅ ትከሻው ላይ እንዳለ፣ የአቢሊዮን ግማሽ ለአቢሊዮ ሰጠችው።