ጎሪላ ያየች ሙሽራ

ራሕመትና ፈዋዝ የተዋወቁት ደረጃ ላይ ነው። ሚኒያፖሊስ አጠገብ ፕሊማውዝ ባለው ፋብሪካቸው በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ሲያቀረቅር፣ እሷ ውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች በጀርባዋ አዝላ አራት ፎቅ ትወጣለች፣ ትወርዳለች።

«ምን አጥፍተሽ ነው?» አላት አንድ ቀን።

«ጎሪላ ለማየት ኡጋንዳ ልሄድ ነው። ጫካው ዳገት ስለሆነ ትሬን እያደረግሁ ነው።»

«ለጎሪላ እንዲህ ከሆንሽ ለባልሽማ ምን ልትሆኚ ነው!»

በማግስቱ እሱም ቦርሳ አዝሎ መጣ።

ፈዋዝ ከወሎ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። እሷ ግን በአምስት ዓመቷ መጥታ እዚሁ ያደገች ናት። በሚያዝያ ኒካሕ አሰሩ፤ ድግሱ ከጉዞው መልስ ሊሆን ተቀጠረ።

አብረው ኡጋንዳ ሄዱ። የሰው ጉንፋን ጎሪላን ሊገድል ስለሚችል፣ የጫካው ጠባቂ የታመመ ሰው አያሳልፍም። ፈዋዝ አውሮፕላን ላይ የያዘውን ሳል ሊውጠው ታገለ፤ አመለጠው። ትቀራለህ ተባለ።

ራሕመት ክንዱን ያዘች። «እኔስ ምን ላድርግ?»

«ሂጂ እንጂ! ስንት ዘመን የተመኘሽውን።»

ሄደች። አራት ሰዓት ሙሉ በጭቃና በሐረግ መሃል ወጣች። ጀርባው የሸበተ ግዙፍ ወንድ ጎሪላ ቅጠሉን እያኘከ ቀና ብሎ አያት። ከኋላው አንዲት እናት ግልገሏን ደረቷ ላይ አስተኝታ ጣቶቹን አንድ በአንድ ትልሳለች። ራሕመት አፏን ይዛ አለቀሰች።

ስትመለስ ፈዋዝ ያነሳችውን ፎቶ አላየላትም። ሚኒያፖሊስ ከገቡም በኋላ ዝም አላት። ነገሩ ሲከር አፕል ቫሊ ባለው በአባቷ በመንሱር ቤት ሽማግሌ ተቀመጠ።

«ምን በደለችህ?» አሉት ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጂ ሚካኢል።

«ትታኝ ሄደች።»

«ሂጂ ብለኸኝ እኮ ነው!» አለች ራሕመት።

«ብዬሻለሁ። ሰው ብላ ስላሉት ወዲያው ይበላል እንዴ? ያለ አንተ አልሄድም ትያለሽ ብዬ ነበር። ያኔ እኔው ገፍቼ እልክሽ ነበር።»

መንሱር አቀረቀረ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ሂድ ካሉት ይሄዳል፤ አላስተማርኳትም።»

ሐጂ ሚካኢል ወደ ራሕመት ዞሩ። «ልብሽ ግን እሱ ጋ ነበር፤ አይደል ልጄ?»

አዎ ካለች አለቀ፤ ዱዓ ተደርጎ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ፈዋዝ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ይለምናታል። ራሕመት ትወደዋለች፤ ስለምትወደውም ልትዋሸው አልቻለችም።

«አልነበረም» አለች። «እዚያ በቆየሁበት ሰዓት አንዴም ትዝ አላልከኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ፈዋዝ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«እኔ ደግሞ ያን ቀን ሙሉ ካንቺ ሌላ ያሰብኩት አልነበረም» አለና ወጣ።

ኒካሑ በዚያው ወር ፈረሰ። ራሕመት እስከ ዛሬ ትወደዋለች። ዛሬ ብትጠየቅም ግን ያንኑ ትመልሳለች።