የዓርብ ምርቃት

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። እንባ ቢመጣችሁም አትፈሩ፤ ሰው የሚገድለው እንባ ያልወጣለት ሐዘን ነው። በስደት ምድር፣ ዞሰንሃይም በሚባል ሰፈር ካሉት ከእነዚያ ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ አራተኛው ደርብ ላይ፣ ለተኪዳን የምትባል ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ባሏን ገና በስደቱ መንገድ፣ ሱዳን ላይ፣ ወባ ነጥቋታል። ኦስትሃፈን በሚባለው ወደብ የመጋዘኖችን ወለል እየወለወለች ዮውሃንስንና ታናሽ እኅቱን ቅሳነትን አሳደገች።

ዮውሃንስ ከኳስ በቀር ሌላ አልሆነለትም። በ1993 አንድ ተጫዋች መልማይ አይቶት ወደ ስኮትላንድ፣ ስሙ እንኳ በወጉ ወደማይታወቅ ትንሽ ክለብ፣ በአጥቂነት ወሰደው። የሰፈሩ ሰው ምን ያላለው አለ! «የሰው ልጅ ዶክተር ይሆናል፣ የአንቺው የተነፋ ቆዳ ያባርራል» አሏት። እሷ ግን መች ትበገራለች? «ቤታችሁን ዶክተር ይሙላው! ለእኔ አንድ አጥቂ ይበቃኛል!»

የመጀመሪያውን ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲንቀጠቀጥ ከረመ። በሁለተኛው፣ በዚያ ዝናብና ጭቃ፣ አሥራ አራት ጎል አገባ። በሦስተኛው ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ «ከእንግዲህ አበቃለት» ሲሉት ተነሥቶ ሮጠ። ዓርብ ዓርብ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱ ይደውላል። እናቱም «እግርህን እንቅፋት አይንካው፣ ጠላትህ ከእግርህ ሥር ይውደቅ» ብላ ትመርቀውና ሁልጊዜ በዚህች ትዘጋለች፦ «ጎል ካላገባህ እዚያው ቅር!» ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ።

ወይ ዕጣ! ይቺን ሳቅ እንኳ ምን አስቀናሽ? በ1997 የጸደይ ወራት ለተኪዳንን ካንሰር ጣላት። ዮውሃንስ መታመሟን ያውቃል፤ ይህን ያህል መክፋቱን ግን ደበቀችው። ሆስፒታል በገባችበት ሳምንት የልጇ ክለብ ቅዳሜ ካላሸነፈ ወደ ታችኛው ምድብ ሊወርድ ነው፤ ከወረደ ደግሞ ፌርትራጉ፣ ውሉ ማለት ነው፣ አይታደስለትም። የቅሳነትን እጅ ጨብጣ «ከጨዋታው በፊት እንዳትነግሩት። አራት ዓመት የታገለበትን ሞቴ አይቀማውም!» አለች። ሐሙስ ረፋድ ላይ ዐረፈች...

ዓርብ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ሽማግሌዎቹም ዮውሃንስ እናቱን ሊጠይቅ እሑድ ሲመጣ መርዶው እንዲነገረው ቆረጡ። አንድ ነገር ግን ሁሉም ዘንግተው ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ!

«ጸጥ በሉ!» አሉ ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ አቦይ ዘርኣማርያም። ሠላሳ ሰው ነጠላውን ነክሶ ለቅሶውን ዋጠ። «ቅሳነት፣ ድምፅሽ ቁርጥ የእሷ ነው። አንቺ መርቂው።»

«ናይን! አይሆንም! የሞተች እናቴን ድምፅ ልስረቅ?»

«የእሷው ቃል ነው፣ ልጄ።»

አነሣችው። «እግርህን እንቅፋት አይንካው... ጠላትህ ከእግርህ ሥር ይውደቅ...» ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። «ተጠንቀቅ እሺ፣ ልጄ...»

ከወዲያ ማዶ ዮውሃንስ «አሜን፣ እማዬ» አለና ዘጋ።

ቅዳሜ ያን የተሰበረ ቁርጭምጭሚቱን ጠምጥሞ ገባ። ሁለት ጊዜ ጣሉት፣ ሁለት ጊዜ ተነሣ። ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የማሸነፊያዋን ጎል በግንባሩ አገባ! ጓደኞቹ ሲከመሩበት እሱ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ይነፈርቅ ነበር፤ እነሱ ለደስታ መሰላቸው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ሲጠብቁት በሩን ከፍቶ ገባ፤ ጥቁር ለብሷል! አቦይ ዘርኣማርያም ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ቀደማቸው።

«አይድከሙ፣ አቦይ። ዓርብ ተረድቻለሁ።» ወደ እኅቱ ዞረ። «ቅሳነት፣ እማዬ አንድ ቀን እንኳ ተጠንቀቅ ብላኝ ታውቃለች?»

እግሩ ላይ ወደቀች። «ይቅር በለኝ! ግን ካወቅህ... ለምን ያኔውኑ አልመጣህም?»

«እንዴት ብዬ ልምጣ?» አለና ከወደቀችበት አነሣት፤ እየሳቀ እንባው ይወርዳል። «ጎል ካላገባህ እዚያው ቅር ብላኛለቻ!»

ያን ጊዜ ታፍኖ የከረመው ለቅሶ ጣራ ነካ! ሰኞ በዚያው በታሰረ እግሩ እያነከሰ ሣጥኗን ተሸከመ፤ «እንተካህ» ቢሉት እምቢ አለ።

ልጆቼ፣ ዕጣ የፈለገችውን ትወስዳለች፤ ማን ይከለክላታል? ሁሉን ግን አትወስድም። ውሉ ታደሰ። ዛሬም ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ቤት ስልክ ይጮኻል። ቅሳነት ብድግ ታደርገዋለች። ትመርቀዋለች፤ በእናቷ ድምፅ አይደለም፣ በገዛ ድምፅዋ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፦

«ጎል ካላገባህ እዚያው ቅር!»