ገብቶ የወጣው ጎማ

ደላላው ጊቹሩ የሞተው ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ እንደ ለበሰ ነው። ኢንስፔክተር ሙምቡአን ከሁሉ በፊት የከነከናት ይኸው ነበር።

ናኩሩ ከተማ ዳር ባለው የአሮጌ መኪኖች መሸጫ ግቢ፣ በቆርቆሮ በተሠራው ጋራዥ ውስጥ፣ አንዲት ሰማያዊ የውድድር መኪና የፊት ግራ ጎማዋ ተፈትቶ ወደ አንድ ጎን ተንጋዳ ተኝታለች። ከሥሯ የጊቹሩ ሁለት እግሮች ወጥተው ይታያሉ። ጫማው እንደ ተወለወለ ነው። ከጀርባው ሥር አዲስ ካርቶን ተነጥፏል። ኮቱ በመኪናዋ ስፖኪዮ ላይ በጥንቃቄ ተሰቅሏል። የስልኩ መብራት ከመኪናዋ ሆድ ሥር ገና ይበራል።

«ክሪኩ ከድቶት ነው፣ አፋንዴ» አለ ሬሳውን ያገኘው መካኒክ ኦኩሙ፣ የፖሊስ አለቃ በሚጠራበት ቃል እየጠራት። ከንፈሩ ደርቋል። «ምሳ በልቼ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ቢጮህ እንኳ ማን ይሰማል?»

ሙምቡአ ሃምሳ ዓመቷን ያለፈች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። እያቃሰተች ተንበርክካ ክሪኩን አየችው።

«የከዳ ክሪክ ይወድቃል። ይኼ ግን ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ነው። ዘይቱን የሚለቀው ብሎን ተፈቷል። ይህን የሚፈታው የሰው እጅ ነው።»

ኦኩሙ ግድግዳውን ተደገፈ። የሚያስደነግጠው ነገር ነበረው። የዚያኑ ዕለት ጠዋት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጊቹሩን «ያላየሁትን መኪና ኦኩሙ አይቶታል እያልክ በስሜ ትሸጣለህ! አንድ ቀን እጄ ላይ ትጠፋለህ!» ብሎት ነበር።

ኮንስታብል ቼሩዮት ወደ አለቃው ጆሮ ጠጋ አለ። «ምን ያስለፋናል? ዛቻውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ክሪኩም የእሱ ነው። እንውሰደው።»

«ዛቻውን ሰፈሩ ሁሉ ከሰማው» አለች ሙምቡአ «ከዛቻው ጀርባ የሚደበቀውም ሰምቶታል ማለት ነው። ቆይ እስቲ።»

ግማሽ ሰዓት የቆየው ዝናብ ሊጀምር ሲል ከሟቹ ሌላ በግቢው የነበሩት አራት ሰዎች ነበሩ፦ ኦኩሙ፣ ባትላሜራውና ቀለም ቀቢው ካማንዴ፣ በሩ አጠገብ ዳስ ጥለው ጎማ የሚጠግኑት፣ ሰው ሁሉ በአክብሮት «ምዜ» የሚላቸው ሽማግሌ ምዋኪዮ፣ እና ሰማያዊዋን መኪና ልትገዛ የመጣችው ቼፕኮሪር።

ቼፕኮሪር ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከሞሎ ወደ ናኩሩ ወተት የምታመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር። ሙምቡአ ስትደርስባት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ፣ ያልተፈረመ የሽያጭ ወረቀት በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር።

«ስሙ ገና አልዞረልኝም፣ አፋንዴ። ያለኝን ሁሉ አስረክቤያለሁ። እሱ ሲሞት እኔም አብሬ ሞቻለሁ በይው።»

«ወተት የምታመላልስ ልጅ የውድድር መኪና ምን ያደርግላታል?»

«በሚመጣው ወር የገጠር መንገድ ውድድር አለ። ቡድኖች ከዚያ ሾፌር ይመርጣሉ። መኪና የሌለውን ማንም ዞሮ አያየውም።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሦስት ዓመት ፈለግሁ። ሞምባሳ ድረስ ሄጃለሁ። ርካሽ ሲገኝ ሞተሩ የነደደ ነው። ደህናው ዋጋው ሰማይ ነው። ወንድሞቼ ‹ፍጥነት የሀብታም ነው፤ አንቺ ወተትሽ እንዳይረጋብሽ ተጠንቀቂ› እያሉ ይስቁብኛል። በአቅሜ የተገኘችው ይቺ ብቻ ናት።»

«ሌላው ሁሉ ሰማይ ሲሆን ይቺ ለምን መሬት ወረደች? አልጠየቅሽም?»

ቼፕኮሪር አንገቷን ደፋች። «ፈራሁ። ከጠየቅሁ የምታመልጠኝ መሰለኝ።»

ሙምቡአ ወደ ጋራዡ ተመልሳ የመኪናዋን በር ከፈተች። የሾፌሩ እግር ማረፊያ ምንጣፍ ጫፉ ተገልብጦ ነበር። ሙሉ በሙሉ አነሣችው። ከሥሩ፣ ከመቀመጫው ፊት፣ ቀለሙ ጣት በሚያህል ቦታ ላይ እስከ ብረቱ ተፍቋል። በተፋቀው ቦታ ውስጥ ወፍራም የብየዳ መስመር አለ። መስመሩን በጣቷ ተከተለችው። ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጠዋል። ከመስመሩ ወዲህ የድሮው ቀለም ነጭ ነው፤ ከመስመሩ ወዲያ ቀይ። ሰማያዊው ሁለቱንም የሸፈነ ልብስ ነበር። ምንጣፉን መልሳ አነጠፈችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ካማንዴ ቀለም መርጫ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ወፍራም እጆቹን በቤንዚን ጨርቅ ያሻል፤ ያሻል።

«ዝናቡ ሲጀምር ይህን በር መቀባት ጀመርኩ። ሲያባራ ጨረስኩ። እዩት።»

አየችው። ቀለሙ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነው። መሀል ላይ አቋርጦ የሄደ ሰው እንዲህ አይጨርስም።

«ሰማያዊዋንስ የቀባሃት አንተ ነህ?»

«አዎ… እኔ የተባልኩትን ነው የምቀባው፣ አፋንዴ» አለ፤ ዓይኑን ግን ከበሩ ላይ አላነሣም።

ምዜ ምዋኪዮ ከዳሳቸው ሥር የተቀደደ የጎማ ከመነዳሪ እየለጠፉ አገኘቻቸው። ከቮይ መጥተው እዚህ ሥራ ከጀመሩ ስምንት ወራቸው ነው። ወንበራቸውን ለቀው ተነሡላት።

«ይቀመጡ፣ ምዜ። በዝናቡ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ከዚህች ዳስ አልተነቃነቅሁም፣ ልጄ። የገባም የወጣም የለም።»

«ጊቹሩ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ሽማግሌው ልጣፉን በጣታቸው ጫን አደረጉት። «ለድሀ ልጅ ምኞቱን በርካሽ የሚሸጥ ሰው።» ከዚያ እጃቸው ሥራውን ተወ። «ልጅቷ መኪናዋን ትወስዳለች?»

«ወረቀቱ አልተፈረመም።»

ምዜ ምዋኪዮ እስኪሰማ ድረስ ተነፈሱ፤ ተመልሰውም ወደ ከመነዳሪያቸው አጎነበሱ።

ሙምቡአ መንገዱን ተሻግራ ወደ ምግብ ቤቷ ገባች። ባለቤቷ ምጣድ ላይ የቻፓቲ ቂጣ እየገለበጠች ነበር።

«ኦኩሙ? የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ፌስታል ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ከግቢው ሮጦ መጣ። እዚያ ጥግ ተቀምጦ የበቆሎ ኡጋሊውን እየቆነጠረ ብቻውን ሲያጉተመትም፣ ዝናቡ እስኪያቆም አልተነሣም።»

ስትመለስ መኪናዋ ተነሥታ ሬሳው ወጥቶ ነበር። ሙምቡአ በመብራት ወለሉን መረመረች። አቧራና የተቃጠለ ዘይት በሸፈነው ሲሚንቶ ላይ፣ ከመኪናዋ በር ሥር፣ አንድ ሙሉ ክብ ታትሟል። ከክቡ ተነሥቶ ደግሞ አንድ የተጎተተ ነገር ያሰመረው መስመር፣ የተፈታው ጎማ እስከ ተደገፈበት ግድግዳ ድረስ ይሄዳል። ክቡንና ጎማውን አስተያየች። ልክ ናቸው።

በተንበረከከችበት ቆየች። ቼሩዮት ጉልበቷ የያዛት መስሎት ሊያነሣት እጁን ዘረጋ። ፊቷን ሲያይ እጁን መለሰ።

«ሁሉንም ጥራቸው» አለችው።

አራቱም መጥተው መኪናዋን ከበው ቆሙ። ኦኩሙ እጆቹን ለካቴናው ያዘጋጀ ይመስል ፊት ለፊቱ አጣምሯል።

«ከሸሚዙ ልጀምር» አለች ሙምቡአ። «ጊቹሩ እጁ ዘይት ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኮቱን ሰቅሎ፣ ካርቶን አንጥፎ፣ በገዛ ፈቃዱ መኪና ሥር የሚገባው መቼ ነው? ሌላ ሰው ሊልክበት የማይችለው ምስጢር ሲኖር ነው። ኦኩሙን እንዳይልክ ኦኩሙ የማያውቀው ነገር ነው። አንድ ሰው ‹ና፤ ገዢዋ ሳታይ ይህን ጉድ እይ› ብሎ ጠርቶታል።»

«ምን ጉድ?» አለች ቼፕኮሪር።

ሙምቡአ ምንጣፉን ገለጠችው። «ይቺ መኪና ሁለት ናት፣ ልጄ። የተጋጩ ሁለት መኪኖች ደህና ደህናቸው ተቆርጦ ተበይዷል። ጎድጓድ መንገድ ላይ በፍጥነት ብትነጂያት ከወገቧ ትለያያለች።»

ቼፕኮሪር ብየዳውን አየችው። ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ቀለሙን የፋቀው ሰው ቦታውን ሲፈልግ አልቆየም። አንድ ቦታ ብቻ፣ ልኩ ላይ ፋቀ። ስፌቱ የት እንዳለ ቀድሞ ያውቃል። ቼፕኮሪር አታውቅም፤ ብታውቅማ ወረቀቱ ይፈረምልኝ ብላ አታለቅስም። ካማንዴ ያውቃል፤ የበየደው እሱ ነውና። ግን የገዛ ሥራውን ለሽርካው ለምን ያሳያል? በሩንም ሳያቋርጥ ቀብቷል። ኦኩሙ ዝናቡን ያሳለፈው ምግብ ቤት ነው። ሲወጣ ደግሞ በግቢው በር ነው የወጣው።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እርስዎ ግን ‹የወጣ የለም› አሉኝ፣ ምዜ። አላዩትም። ከዳስዎ ስላልነበሩ።»

ምዜ ምዋኪዮ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ወደ ተደገፈው ጎማ መለሱ።

«ጎማውም መሰከረብዎ። ኦኩሙ መኪና ሲያነሣ በእንጨት ጉማጅ ነው የሚደግፈው፤ ጉማጆቹ ያውና እጥግ ተደርድረዋል። ዕድሜ ልኩን ጎማ የፈታ ሰው ግን የፈታውን ጎማ ሳያስበው ከመኪናው ሥር ይሰደዋል፤ ክሪኩ ቢከዳ ሰው እንዳይጨፈለቅ። እርስዎም ሰደዱት። ምልክቱ ወለሉ ላይ አለ። ከዚያ መልሰው ጎትተው አወጡት። ጎማው ሲገባ ሰው ሊያተርፍ ነበር። ሲወጣ ሊገድል ነው። መሀል ላይ ጊቹሩ አንድ ነገር ተናግሯል። ምን አለዎት?»

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ።

«ልጄ ምጋንጋ እንዲህ ያለች ገዛ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ቮይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ለሁለት ተከፈለች። ‹ፍጥነት ገደለው› ብለው ጻፉ። እኔ ግን ብረቱን አየሁት፤ የተቀደደ ሳይሆን የተፈታ ስፌት ነበር። የሻጩን ስም ይዤ እዚህ መጣሁ። ስምንት ወር ጠበቅሁ። ይቺ መኪና መጣች፤ ይቺ ልጅም መጣች።» ወደ ቼፕኮሪር አላዩም። «እንዳይሸጥላት ልለምነው ነበር። በእውነት ልለምነው ነበር። ከሥር ገብቶ ሲያይ የልጄን ነገር ነገርኩት። ተኝቶ ሳቀ። ‹ምዜ፣ በድሀ ዋጋ የሚገኘው ፍጥነት ይኼው ነው። ሙሉ መኪና የፈለገ ሙሉ ዋጋ ይክፈል› አለኝ። ጎማውን ስጎትት እንኳ አልደነገጠም። ሽማግሌ ማን ይፈራል?»

«ኦኩሙ ሲታሰርስ ዝም ሊሉ ነበር?»

«ፈራሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ሊሰማ እስከማይችል ወርዶ። «ውሸት ምን ያደርግልኛል? ፈርቼ ነው።»

ኦኩሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሙምቡአ ካቴናውን አውጥታ ነበር፤ ግን አልዘጋችውም። ወደ ካማንዴ ዞረች። «ስንት ናቸው?»

«ምኖቹ?»

«እንዲህ የሰፋሃቸው! ስንት ናቸው? አሁን ተናገር!»

ካማንዴ ላቡን ጠረገ። «አምስት። አንዷ የእሳቸው ልጅ የገዛት ነበረች። ይቺ ሁለት። ሦስቱ… ሦስቱ መንገድ ላይ ናቸው።»

የገዢዎቹ ቁጥር በጊቹሩ ስልክ ውስጥ ነበር። ሙምቡአ ራሷ ደወለች። የመጀመሪያው መኪናውን ሸጦ ለማን እንደ ሸጠ ተናገረ፤ የገዛውም ሰው አስነሥቷት እንደማያውቅ በመሐላ ነገራት። ሁለተኛው ሰደባት፤ ቀጥሎም አመሰገናት። ሦስተኛውን ስልክ ያነሣችው እናት ናት።

«ልጄ? አሁን ወጣ። ስልኩን ረስቶ ነው የሄደው። ናይሮቢ ሠርግ አለባቸው። በዚያች በምትጮኸው መኪናው… ለምን? ማን ልበል?»

ሙምቡአ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ላሉት የጊልጊል ፖሊሶች ደወለች። የመኪናዋን መልክ ከካማንዴ ጠይቃ ነገረቻቸው፦ ቢጫ መኪና፣ የኋላ ክንፍ ያላት፣ ሾፌሩ አንድ ወጣት። ከዚያ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ቆመው ጠበቁ። ቼሩዮት ምዜ ምዋኪዮን ወደ ፖሊሱ መኪና ሊወስዳቸው ሲል «እባክህ» አሉት «ይኼን ልስማ። ከዚያ የትም ውሰደኝ።» ቼሩዮት አለቃውን አየ። ሙምቡአ እንዲተዋቸው ምልክት ሰጠችው።

ካማንዴ ወለሉ ላይ ተቀምጦ በሁለት መዳፉ ጆሮዎቹን ይዟል። ቼፕኮሪር ተነሥታ ሄዳ ከሽማግሌው አጠገብ ቆመች። አርባ ደቂቃ አለፈ።

ስልኩ ጮኸ። ሙምቡአ አዳመጠች። ፊቷ አልተለወጠም።

«ይዘውታል» አለች። «መንገዱ ቁልቁል መውረድ ሳይጀምር ነው ያስቆሙት። ሠርጉ አመለጠኝ ብሎ ፖሊሶቹን እናት አባታቸውን እየሰደበ ነው።»

«ይሳደብ» አሉ ምዜ ምዋኪዮ። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ወረደ። «እሰይ፣ ይሳደብ።»

ከዚያም ቆባቸውን አድርገው፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ወደ ፖሊሱ መኪና ሄዱ።