የሦስተኛው ቤት በረዶ

ቲማቲም በመስታወት ቤቶች በሚለማበት በላውጋብሬካ መንደር ስለ መብራት ከኦድኒ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን ያለችው ራሷ ኦድኒ ናት፤ ያለችውም የአክስቷ ባል ቲርፊንጉር በሞተበት ቅዳሜ፣ ምሳ ላይ፣ ድንች እያኘከች ነው።

«ሰው ሁሉ ዋት ይቆጥራል» አለች። «ዋትማ ማንም ይቆጥራል። ቁም ነገሩ በአንዷ ዋት ስንት ብርሃን ቅጠሉ ላይ ያርፋል ነው። አሮጌው የሶዲየም አምፖል የሚበላውን ኤሌክትሪክ ጣሪያ ሲያሞቅበት ነው የሚውለው። ቤቱ ሲግል መስኮቱ በራሱ ይከፈታል፣ ቲማቲሙ እንዲያድግ የምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝም ሜዳ ላይ ይበተናል። የኔዎቹ ኤልኢዲ አምፖሎች አይግሉም። አሁን የሦስተኛው ቤት መስኮት ክረምቱን ሙሉ አይከፈትም። ጋዙም እዚያው ይቀራል።»

የቲርፊንጉር ታላቅ ወንድም ብሪንያር ሹካውን አስቀመጠ። በዚያ ግቢ አርባ ዓመት ሙሉ መብራት ሲመርጥ የኖረው እሱ ነበር።

«ልጅት፣ መጀመሪያ ያቋረጥሽውን ትምህርት ጨርሺ፣ ከዚያ ታስተምሪናለሽ» አላት።

«አንተና አምፖልህ አንድ ናችሁ» አለችው። «ሙቀት ብቻ፤ ብርሃን የለም።»

ከፖላንድ መጥቶ አሥር ዓመት አብሯቸው የሠራው ቦግዳን ሳቁን በዳቦ አፈነው። አክስቷ አውዱር በጠረጴዛ ሥር እግሯን ረገጠቻት። ቲርፊንጉር ግን ዕንባው እስኪፈስ ከት ብሎ ሳቀና «በቃ፣ ከፋሲካ በፊት ሦስቱም ቤት በኦድኒ መብራት ይሆናል» አለ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቲርፊንጉር ለእራት ስላልመጣ አውዱር ልትጠራው ወጣች። ሦስተኛው ቤት ውስጥ፣ አዲሶቹ መብራቶች ለሙከራ በተሰቀሉበት ትንሹ የመስታወት ቤት፣ በሁለት የቲማቲም መደዳ መሃል በግንባሩ ተደፍቶ አገኘችው። ጎትታ ስታወጣው የሷም ራስ ይዞር ነበር። በረዶው ላይ አስተኝታ ስሙን ጠራችው። አልመለሰላትም።

መርማሪዋ ስቴይኑን ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ከከተማ የመጣችው በማግስቱ ጠዋት ነው። አጭር፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። በር ላይ ጫማዋን ስታወልቅ የግራ ካልሲዋ አውራ ጣቷን ያሳያል፤ እሷ ግን ምንም አልመሰላት።

«የገደለው ጋዙ ነው። መዝጊያውን በመጨረሻ የነካው ማነው?» አለች።

«እኔ» አለች ኦድኒ። «በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የምዘጋው እኔ ነኝ።»

«ትናንትስ ዘጋሽው?»

«ስለ መብራት ከኔ በላይ የሚያውቅ...»

«ስለ መብራት የጠየቀሽ የለም። ዘጋሽው ወይ?»

ኦድኒ እርግጠኛ አይደለችም። ሌሊቱን ሙሉ በአየር ላይ ቀኝ እጇን ስታዞር ነው ያደረችው፤ ወዲህ ይሁን ወዲያ እጇ አላስታውስ ብሏት። ወደ ግራ አዙራ ከፍታው ከሆነ ሰውዬውን የገደለችው እሷ ናት። ወደ ቀኝ አዙራ ዘግታው ከሆነ ደግሞ ማንም አያምናትም።

«ካፖርትሽን ልበሺ» አለቻት ስቴይኑን። «ከዓይኔ እንድትርቂ አልፈልግም።»

ሦስተኛው ቤት በሩ ተከፍቶ ስላደረ ጋዙ ወጥቷል። መዝጊያው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ጋዝ ሲበዛ የሚጮኸው መሣሪያ ሽቦው ከግድግዳው ተነቅሏል። ለቲማቲሙ አበባ ማዳቀያ የሚያገለግሉት ጸጉራም ንቦች በሁለት ሳጥን ተቀምጠዋል። መሬት ላይ ያለውን ሳጥን ስቴይኑን ስታንኳኳው ዝም አለ። ከራሷ በላይ የተሰቀለውን ስታንኳኳው ግን በቁጣ ጮኸባት።

«ጋዙ ከባድ ነው፤ ታች ይተኛል» አለች ኦድኒ።

«ቲርፊንጉር ለምን ታች ወረደ?»

«ማታ ማታ ተንበርክኮ የታችኛውን ሳጥን ያያል። ንቦቹን ያወራቸዋል። ሁሉም ሰው ያውቃል።»

ውጭ ቦግዳን አካፋ ተደግፎ ቆሟል።

«የሚጮኸው መሣሪያ ተበላሽቶ ነበር?» አለችው ስቴይኑን።

«ትናንት ጠዋት ሞክሬዋለሁ። ጆሮዬ እስኪደነቁር ጮኋል።»

«በረዶውስ መቼ አባራ?»

«አሥር ሰዓት። ያኔ ነው መንገዱን የጠረግኩት። ከዚያ ወዲህ አንዲት ፍንጣቂ ወድቃ ቢሆን ወገቤ ይነግርሽ ነበር። ከዚያ እስከ እራት በመንደሩ የሙቅ ውኃ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነበርኩ፤ መንደሩን በሙሉ ጠይቂ።»

መንገዱ እውነትም ንጹህ ነበር።

የብሪንያር ቤት ከግቢው በላይ ዳገቱ ላይ ነው። የደረቀ አሳ በቅቤ አቀረበላቸው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ያለቀሰው ለይምሰል አልነበረም።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በዚህ መስኮት አየሁት» አለ። «በጣሪያው መስታወት በኩል። እጁን ዘርግቶ አንዱን መብራት ይነካካ ነበር። ከዚያ ወደ ገንዳው ወረድኩ።»

«ከዚህ የሚታይህ ጣሪያው ብቻ ነው?»

«ግድግዳውን ሁለቱ ቤቶች ይጋርዱታል። አርባ ዓመት ወንድሜን የማየው በዚያ ጣሪያ ነው።» ኦድኒን ቀና ብሎ አላያትም። «በልጅቷ አልፈርድም። እጅ ይሳሳታል።»

ኦድኒ ሰዓቱን በልቧ አሰላች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሕይወት ከነበረ፣ ከዚያ በኋላ ብሪንያርና ቦግዳን ገንዳ ውስጥ፣ አውዱር ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ልምምድ ላይ ናቸው። ብቻዋን የነበረችው እሷ ናት።

ስቴይኑን አሳዋን እያኘከች በመስኮቱ ቁልቁል ተመለከተች። ኦድኒም ተመለከተች። ታች ሁለቱ ጣሪያዎች ርሰው፣ እየተነኑ፣ ብርቱካን ቀለም ያበራሉ። ሦስተኛው አንድ ስንዝር በረዶ ተከናንቦ ድፍን ብሏል። መርማሪዋ ሌላ ቁራጭ አሳ ጠየቀች። ስለ መብራት ከሁሉ በላይ የምታውቀው ልጅ ግን ያየችው በረዶ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በአውዱር ወጥ ቤት በካልሲ ተቀመጡ።

«ይህ የእጅ ስህተት አይደለም» አለች ስቴይኑን። «መዝጊያ በስህተት ይከፈታል፤ ሽቦ ግን በስህተት ከግድግዳ አይነቀልም። ገዳዩ ቲርፊንጉር ንቦቹ ጋ እንደሚንበረከክ ያውቃል። ሌላም ያውቃል፤ በዚያ ቤት መስኮቱ ከእንግዲህ እንደማይከፈት። ባለፈው ዓመት ቢሆን ጋዙ በመስኮቱ ወጥቶ ባለቀ ነበር። ይህን እዚህ ያላችሁት ሁሉ ቅዳሜ ምሳ ላይ ሰምታችኋል።»

አውዱር ወደ እህቷ ልጅ ዞረች። ኦድኒ ሳህኗን አየች።

«ስለዚህ ጥያቄው ሰዓቱ ነው» ስትል ቀጠለች ስቴይኑን። «ቲርፊንጉር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆሞ ነበር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ብሪንያር፣ በምን አየኸው?»

«በጣሪያው አልኩሽ እኮ!»

«በረዶው አሥር ሰዓት ላይ አባርቷል። ከዚያ ወዲህ አንዲትም አልወደቀችም፤ የቦግዳን መንገድ ምስክር ነው። ዛሬ ጠዋት ጣሪያው ላይ ያለው የትናንቱ በረዶ ነው። በአንድ ስንዝር በረዶ ውስጥ የሰው እጅ አየህ?»

«እዚያ ጣሪያ ላይ በረዶ አይቆይም። ይቀልጣል። ሁልጊዜ...» አለ ብሪንያር።

«ሁልጊዜ ይቀልጥ ነበር። በአንተ አምፖል ሙቀት» አለች ስቴይኑን። «አርባ ዓመት ያየኸውን ነው የነገርከኝ። ትናንት በመስኮትህ አልተመለከትክም፤ ያን ሰዓት ቤትህ አልነበርክምና። ኦድኒ ዘግታው ከሄደች በኋላ ሽቦውን ነቅለህ፣ መዝጊያውን ከፍተህ፣ ወንድምህ ሲገባ ጠበቅክ። ሲወድቅ ወደ ገንዳው ወረድክ፤ አንተ እዚያ ሳለህ የሞተ እንዲመስልም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አየሁት አልከኝ።»

ኦድኒ ቀኝ እጇን በግራዋ ያዘች። ዘግታው ነበር።

ብሪንያር ብርጭቆውን ገፋ አደረገ።

«እሷ ብትሰድበኝ ልጅ ናት» አለ። «እሱ ግን ሳቀ። አባታችን ሲሞት መብራቱን ለኔ ነው የተወው። አይታችሁታል፤ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀብኝ።»

የስቴይኑን ባልደረባ ክንዱን ይዞ አስነሳው። ብሪንያር በር ላይ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ሲል ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፤ ቦግዳን ተንበርክኮ አሰረለት።

መኪናው ዳገቱን ከወረደ በኋላ ኦድኒ ትንፋሿ ተመለሰ። ትንፋሿ ሲመለስ አፏም ተመለሰ።

«ቢሆንም እንግዲህ፣ ያጋለጠው የኔ መብራት ነው» አለች። «በአሮጌው አምፖል ቢሆን እኮ በረዶው ቀልጦ...»

አውዱር የብሪንያርን ብርጭቆ ከጠረጴዛው አነሳች።

«በአሮጌው አምፖል ቢሆን መስኮቱ ይከፈት ነበር፤ ባሌም እዚህ ቁጭ ብሎ ይበላ ነበር። አፍሽን ዝጊ።»