የአልፈርምም ጓጉንቸር

መሐንዲሱ በሊፍቱ ጉድጓድ ግርጌ ሞቶ የተገኘው በምሳ ሰዓት ነው። አዲሱ ባለ ስምንት ፎቅ ሆስፒታል ሊመረቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ቢሮ ውስጥ እውነት የሚናገር ሰው ቅጽል ስም አያጣምና ባልደረቦቹ «አልፈርምም» ይሉት ነበር። የሊፍቱ ፍሬን ሙሉ ጭነት አይችልም እያለ በየስብሰባው ይሟገታል፤ ሌላው የሊፍቱን ማረጋገጫ ሲፈርም እሱ ብዕሩን ኪሱ ይከታል። በዚያም ቀን ጠዋት እንዲሁ አድርጎ ነበር።

መርማሪዋ አጭር፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። በምሳ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሥራ አስኪያጁ፣ ምክትል መሐንዲሱና የሊፍት መካኒኩ ብቻ እንደሆኑ አረጋገጠች።

«አደጋ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ከንፈሩን እየመጠጠ። «ግትር ነበር። ፍሬኑን ብቻውን ሊያይ ገባ። የስድስተኛውን ፎቅ በር ክፍት የተወው ደግሞ ይሄ መካኒክ ነው።»

«ዘግቼዋለሁ!» አለ መካኒኩ። «የበሩ መክፈቻ ያለበትን ቦርሳዬን ግን ኮሪደር ላይ ትቼ ምሳዬን ልበላ ወረድኩ። እህቴ፣ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ከታሰርኩ አለቀልን።»

መርማሪዋ በደረጃ ስድስተኛ ፎቅ ወጣች። ከተከፈተው በር ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል፤ ታች ምንም አይታይም። አጠገቡ ባለው የሊፍቱ ዋና ማጥፊያ ላይ ቁጥር አራት የተጻፈበት የሟቹ ጓጉንቸር ተቆልፎ ተንጠልጥሏል።

«ደንባችን ነው» አላት ተከትሏት የወጣው ምክትል። «ጉድጓድ የሚገባ ሰው ኃይሉን አጥፍቶ የራሱን ጓጉንቸር ይሰቅላል። ሌላ ሰው ሊፍቱን አስነስቶ እንዳይጨፈልቀው።»

«ስለ ፍሬኑ የሚለው እውነት ነበር?»

ምክትሉ ግራ ቀኙን አየ። «እውነት ነው። እኔም ለክቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?»

«ዝም አይነቅዝም ብዬ ነዋ። አለቃችን ሹመት ይጠብቃል። ምረቃውን የሚያስቆም ሰው ይወዳል ብለሽ ነው?»

ከማጥፊያው ጎን የየሰዉ ጓጉንቸር ከነቁልፉ የሚሰቀልበት ባለ ቁጥር ሰሌዳ አለ። አራተኛው ምስማር ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥላለች። መርማሪዋ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ በወረቀት ጠቅልላ ለአሻራ ምርመራ ላከቻት።

በማግስቱ ሦስቱን እዚያው ሰብስባ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ክፍት ጓጉንቸር ከነቁልፉ ሰጠቻቸው።

«ጉድጓድ ልትገቡ ነው እንበል። አሳዩኝ። አለቃ ይቅደሙ።»

ሥራ አስኪያጁ ጓጉንቸሩን ማጥፊያው ላይ ቆልፎ ቁልፉን ሰሌዳው ላይ በሥርዓት ሰቀለ። ምክትሉ ቆለፈና ቁልፉን ደረት ኪሱ ከተተ። መካኒኩም ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ ባለው ክር አሰረ። የሥራ አስኪያጁ ፊት ተለዋወጠ።

«ቁልፉን ጉድጓድ የሚገባው ሰው ይዞት ይገባል» አለች መርማሪዋ። «ሕይወቱ ናታ! ያ ጠንቃቃ ሰው ሕይወቱን ምስማር ላይ ሰቅሎ አይገባም። ስለዚህ ጓጉንቸሩን የሰቀለው ሌላ ነው፤ ደንቡን በወረቀት የሚያውቅ፣ ጉድጓድ ግን አንድም ቀን ያልገባ ሰው። እነዚህ ሁለቱ በየቀኑ ይገባሉ። እርስዎ ከመካኒኩ ቦርሳ መክፈቻውን ወስደው በሩን ከፈቱ፤ ‹ና፣ ፍሬኑን አሳየኝ› ብለው ጠርተው ገፉት። ከዚያ አደጋ ለማስመሰል ጓጉንቸሩን ሰቀሉ። ቁልፏ ላይ የተገኘው አሻራም የእርስዎ ነው።»

«ሁሉም ፈርመው ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ በደረቀ ድምፅ። «የቀረው እሱ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወርዱ መካኒኩ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። ምክትሉ ትከሻውን ሊይዘው እጁን ዘረጋ።

«እንኳን ነፃ ወጣህ፣ ወንድሜ።»

መካኒኩ ከእጁ ሸሸ።

«ጋሼ፣ አንፈርምም ያላችሁት ሁለት ብትሆኑ ኖሮ አይገፋውም ነበር።»